ቀያዮቹ ሞላዎች

በኮምፔርሳቶው ግድግዳ አልፎ የመጣው የመጀመሪያ ቃል «ቀለም» የሚል ነበር። የመኪና መንዳት አስተማሪዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እየቋጠረች ነው። ከግድግዳው ማዶ ወንድሟ እንደ ልማዱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል፤ ቱታውን የሚለብሰው እያወራ ስለሆነ ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል። ቤቱ ባለ ሦስት ክፍል ይባል እንጂ ሁለተኛውና ሦስተኛው ድሮ አንድ ክፍል ነበሩ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ልጆቹ እያደጉ ሲመጡ፣ መሀሉን በኮምፔርሳቶ ከፈሉት። አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ሌላው ከማዶ «ይማርሽ»፣ «ይማርህ» ይል ነበር። ይህ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ሰውዬው የከፈልኩት የቀለም ዋጋ ነው ይላል» አለ የስልኩ ድምፅ። ወንድሟ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው። «የመኪናዬን አሮጌ ሞላ ቀይ ቀብታችሁ መልሳችሁ ገጠማችሁልኝ ነው የሚለው። ሦስት ሳምንት ነዳኋት፣ የተለወጠ ነገር የለም አለኝ።»

«ጋሼ፣ በእጄ ነው የፈታሁት። አሮጌውን በከረጢት ጠቅልዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጬለታለሁ።»

«ከረጢት የሚባል አላየሁም ይላል።»

«የአዲሱ ካርቶን አለ እኮ…»

«ካርቶን ምን ይናገራል? ስማ፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ፊት ለፊት ለውጡን ካሳየኸው፣ አሳየኸው። አለበለዚያ ሰኞ ቱታህን አጥበህ ታመጣልኛለህ።»

ቱታ አጥቦ ማምጣት በዚያ ጋራዥ ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ቀለም ቀቢው አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ አምጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። አስተማሪዋ ማሰሪያውን ቋጥራ ጨርሳ ነበር። ፈታችውና እንደገና ቋጠረችው። ወንድሟ ሌባ ሲባል መስማቷ ደረቷ ላይ ከብዷት ነበር፤ ግን ከክብደቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር ይኮረኩራት ጀመር። አራት ሞላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታ፣ የሞተር ኮምፒውተር ሳይቀር የተቀየረባትን መኪና ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ነድቶ ምንም ላይሰማው ይችላል? እሷ ተማሪዋ ጫማ ቀይሮ እንደመጣ ከፍሬን አረጋገጡ ብቻ ትለያለች። ወይ ሰውየው ደንዝዟል፣ ወይ ደግሞ ሞላው እውነትም ቀለም ነው። ሦስተኛ ነገር ካለ ማወቅ አለባት።

ወጥ ቤት ውስጥ ሻይና ዳቦ ቀርቧል። ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ቡሎን ነው የሚለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ቡሎን ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬም አንዱን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ያሽከረክራል። እናታቸው ዳቦውን እየቆረጡ ስለ ዋጋው አነሱ፤ ዳቦው ሲያንስ ዋጋው የሚጨምረው ነገር ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። ስልኩን እሳቸውም ሰምተዋል፤ የወጥ ቤቱም ግድግዳ ያው ኮምፔርሳቶ ነው። ቡሎን ሻዩን ቆሞ ጨለጠና «ደህና ዋሉ እማዬ» ብሎ ወጣ። ለእህቱ አገጩን ብቻ ነቀነቀላት። ድሮ «እትዬ» ነበር የሚላት፤ አሁን ምንም አይላትም፤ ሲያስፈልገው ፊቷ ቆሞ ይጠብቃል።

«ሂጅለት» አሉ እናትየው፣ በሩ እንደተዘጋ።

«አልጠራኝም እኮ።»

«ስትወለጅ ጠርቶሽ ነው የቀደምሽው?»

ጠዋት አንዲት ፀጉር ሠሪ መንዳት ማስተማር ነበረባት። ፀጉር ሠሪዋ መቀስ ስትይዝ ወንድ ናት ይሏታል፤ መሪ ስትይዝ ግን አደባባይ ባየች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። የማስተማሪያዋ መኪና አሮጌ፣ ነጭ፣ በጎኗ የተቀባው ጽሑፍ ግማሹ የለቀቀ ናት። ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው ከአስተማሪዋ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የአስተማሪዋ ቀኝ እግር የራሱ ሐሳብ ያለው ፍጥረት ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ስትቀመጥ እንኳ ባዶ ወለል ይረግጣል፤ ሹፌሮቹ እያዩ ይስቁባታል። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ፀጉር ሠሪዋ «ቲቸር፣ ልግባ? ልግባ? ገባሁ፣ ሞትኩ» አለች፤ የአስተማሪዋ እግር ረገጠ፤ ቆሙ። «አልሞትሽም፣ ቀጥይ» አለች አስተማሪዋ። ሐሳቧ ግን ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ያለው ረጅም መዞሪያ ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቡሎን በዚችው መኪና ያን መዞሪያ ፍሬን ሳይነካ ገባበት። ዓይኑ መውጫው ላይ ነበር። እግሯ ረገጠ። መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች፤ ከኋላ ያለው ጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «ገና ነህ» ብላ የፈተና ቅጹን መልሳበታለች። ቡሎን ቁልፉን ሳያወጣ ወረደና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ውስጥ አልተቀመጠም። ባልረግጥ ኖሮ ይወጣው ነበር ወይስ አይወጣውም? እሱ ጠይቋት አያውቅም። እሷ ግን ራሷን ሳትጠይቅ የተኛችበት ቀን ጥቂት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጋራዡ ደረሰች። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መሀል ወለሉ ላይ የተቆፈረ ረጅም ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዋጋ ሰሌዳ፤ የዘይት ቅያሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ሚዛን፤ ቁጥሮቹ እየተሰረዙ ከመጻፋቸው ብዛት ሰሌዳው ነጭ ሆኗል። ከታች በኩል «ስፖርት ጥቅል» የሚል አለ፤ ቁጥሩ ከሁሉም ይረዝማል። የሰውየው መኪና ዝቅ ያለች፣ ግራጫ፣ ባለ ሁለት በር ናት፤ በጎማው ቸርኬ ክፍተት ቀይ ሞላ ብቅ ይላል። አጠገቧ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። የጋራዡ ባለቤት ወገቡን በሰፊ ቀበቶ አስሮ በእጁ ደግፎታል። ቡሎን ቁልፍ መፍቻ ይዟል፤ የሚፈታ ነገር ግን የለም። ሦስተኛው ቀጭን፣ ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጠላለፈ ሰው ነው። ዞር ሲል ደነገጠች።

«ቲቸር!» አለ ሰውየው። ፊቱ በአንዴ በራ።

የጥርስ ሐኪሙ ነው። ከአራት ዓመት በፊት መንዳት ያስተማረችው እሷ ናት፤ ያኔ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ የምትለውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፍ ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት» አለች። «እሱ ወንድሜ ነው። የምናገረውን እህቱ እንደሆንኩ አውቀው ይስሙኝ።»

«ሁለት ጊዜ ገና ነዎት ብለሽ ከፈተና መልሰሽኛል። የሚዋሽ ሰው ያኔ ይዋሻል» አለና ወደ መኪናዋ ዞረ። «ይኸውልሽ፣ እኔ ጥርስ ስሞላ ታካሚዬን ንከስ እለዋለሁ። ይነክሳል። ከፍ ካለ ከፍ ብሏል ይለኛል፣ ልክ ከሆነ ልክ ነው ይለኛል። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ነከስኩ። ምንም የለም።»

«ድምፁስ ዶክተር?» አለ የጋራዡ ባለቤት። «ማርሚታው እኮ ሌላ ነው።»

«ድምፁማ አለ። ጎረቤቶቼ ነግረውኛል።»

ቡሎን እየሳቀ እንዳልሆነ ለማስመሰል ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። አስተማሪዋ መኪናዋ ከጋራዡ ስትወጣ ማን ነድቶ እንደሞከራት ጠየቀች። ባለቤቱ ቀበቶውን ነካ ነካ አደረገ። ሁልጊዜ የሚሞክረው እሱ ነው፤ ይቺ ግን ዝቅ ብላ የተሠራች ናት፣ ወገቡ ከገባ አይወጣም። «ሞተሩን ግን ራሴ በላፕቶፕ ነው የሠራሁት፤ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ በደንብ ታይቷል» አለ። ስለዚህ ማንም አልሞከራትም። ከሐኪሙ በቀር እዚያ ከቆሙት ማንም አልነዳትም። አስተማሪዋ ወንድሟን ላለማየት ሰሌዳውን አየች።

«ወደ ቤትዎ እንደሚሄዱ አድርገው ይንዱልኝ፤ እኔ ከጎን እቀመጣለሁ» አለችው።

መቀመጫው ጠልቆ ያዛት። ሐኪሙ ቀበቶውን አሰረ፣ ስፖኪዮውን አየ፣ ፍሬቻ አሳየ፣ ዞሮ አየ፣ እንደገና ስፖኪዮውን አየ፣ ወጣ። እጆቹ መሪው ላይ ልክ ሦስትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናቸው። የሞተሩ ድምፅ ገና መጉላት ሲጀምር ማርሽ ይቀይራል። መዞሪያ ሳይደርስ ከሩቅ ፍሬን ይይዛል፤ ወተት በመስፈሪያ እንደያዘ ሰው ያዞራል። ነዳጁን በእግሩ አውራ ጣት ነው የሚነካው ማለት ይቻላል። አስተማሪዋ እግሯ አንዴም ወለሉን እንዳልረገጠ አስተዋለች፤ በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። ደስ ሊላት ሲል ነገሩ ገባት። የተቀየረው ሞላ መኪናዋ መዞሪያ ላይ እንዳትዘም ነው፤ በዚህ አካሄድ ግን የእጅ ጋሪም አይዘምም። አዲሱ ፍሬን በድንገት ለመቆም ነው፤ ይህ ሰው በድንገት ምንም አያደርግም። ሞተሩን ቢሆን አንዴም ሥራ ሰጥቶት አያውቅም።

«አንቺ ያስተማርሽኝን አንድም አልረሳሁም» አለ ሐኪሙ፣ ሐሳቧን እንደሰማ። «ከኋላ ሕፃን ተኝቷል ብለው ይንዱ ብለሽኝ የለ? ዛሬም ተኝቷል።»

አስተማሪዋ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ወንድሟን ቱታ አሳጥቦ ሊያስመልስ የነበረው የራሷ ትምህርት ነው።

መንገዱ ላይ የተጠገነ ስንጥቅ ነበር፤ ጎማው ሲያልፈው ሁለቱም ዘለሉ። ሐኪሙ በምላሱ ጠቅ አደረገ። «መንገዱ እንዴት እንደተበላሸ እያየሽ ነው? ማዘጋጃ ቤቱ ምን እንደነካው እንጃ። ድልድዩን በተሻገርኩ ቁጥር ጥርሴን አንድ በአንድ ይቆጥረዋል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የተበላሸው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ግን አሳበቀባት።

«ምነው?»

«ዶክተር፣ መኪናዋ ከጋራዥ የወጣችው መቼ ነው?»

ቀይ መብራት ላይ ቆመው ስለነበር ሐኪሙ ለማሰብ ጊዜ አገኘ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፋበት ድረስ አሰበ። «መንገዱን ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ አመልክቻለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ደግሞ ኮስተር አለ። «እሺ፣ ሞላው ተቀይሯል፣ የሚያንገጫግጨኝም እሱ ነው እንበል። ይሄማ የባሰ ነገር ነው። ሰው እንዲንገጫገጭ ይከፍላል?»

ትክክል ነው። ለውጥ መኖሩና ለውጡ መርባቱ ሁለት ነገር ነው። እንግዲያው መጀመሪያ ጋራዥ ለምን እንደወሰዳት ጠየቀችው። ሁለት መንገድ ከተሻገሩ በኋላ ነው የነገራት። ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመለስ ውሻ ከአጥር ሥር ዘሎ ወጣ። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ የረገጠው በሕይወቱ ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፤ በመስታወቱ አስፋልት እንጂ ሌላ አልታየውም፤ ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተች፣ ከውሻው አልፋ ቆመች። ውሻው በየት እንዳመለጠ አያውቅም። ልጁ ለሦስት ቀን ከኋላ እቀመጣለሁ አለች። ጋራዥ ሄዶ «የተሻለች አድርጉልኝ» አለ፤ ሰሌዳው ላይ ካለው ከሁሉም የተሻለው ስፖርት ጥቅል ነው አሉት።

«በግራ ይታጠፉ» አለች አስተማሪዋ። «የሚነክሱበት ቦታ እወስድዎታለሁ።»

የመለማመጃው ሜዳ የድሮ እህል መጋዘን ግቢ ነው፤ አስፋልቱ አርጅቷል እንጂ ሰፊ ነው፤ ከጥግ ካለው የውኃ ታንከር ዙሪያ ረጅም መዞሪያ አለው። ከሰዓት በኋላ ቅዳሜ ባዶ ይሆናል። ጠዋት አስተምራ የተወቻት ነጭ መኪና በሩ ጋ ቆማለች። ደውላ ጋራዡን ጠራች፤ ባለቤቱ በጭነት መኪናው ቡሎንን ይዞ መጣ፤ ወርዶ አጥሩን ተደገፈ። ቡሎን ተለይቶ ቆመ። ቁልፍ መፍቻው አሁንም እጁ ላይ ነው።

«መሀል የቆመው የፕላስቲክ ኮን ጋ ሲደርሱ ፍሬኑን ይርገጡት» አለችው ለሐኪሙ።

«ቀስ አድርጌ?»

«አይደለም።»

«አንቺ እኮ ነሽ ቀስ…»

«እሱ ያኔ ነበር ዶክተር።»

የመጀመሪያው ጊዜ ሊፍት ፎቅ ላይ እንደሚቆም ቆመ። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ሐኪሙ አፈረ፤ እግሬ እምቢ አለ አላት። የጋራዡ ባለቤት ከአጥሩ ሥር ሰዓቱን አየ። አስተማሪዋ የቡሎንን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ አየችው፤ ወደ መኪናዋ ሳይሆን ወደ ቀዩ ሞላ ነበር የሚያየው፣ አንድ ነገር እንዲናገርለት እንደሚለምነው። ሦስተኛው ላይ፣ ኮኑ ሊደርስ ሲል፣ በተለመደው ቀስ ያለ ድምፅዋ «ዶክተር፣ ልጅዎ ከጎንዎ ናት። ውሻው ወጣ» አለችው።

ረገጠው። ቀበቶው ደረቷን ያዛት። ጎማው አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ከመስታወቱ ማዶ የመጋዘኑ ጣሪያና ከላዩ ያለው ሰማይ በነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው። ኮኑ ከፊታቸው ነው፣ አልተነካም።

«ቆመች» አለ ሐኪሙ።

«አፍንጫዋስ?»

«አልደፋችም።» እጆቹ ከመሪው አልተላቀቁም። «ሰማዩ አልተነቃነቀም።»

ከዚያ በኋላ ታንከሩን እንዲዞረው ነገረችው፤ ከለመደው በእጥፍ ፍጥነት፣ ፍሬን ሳይነካ። «እየጸለይኩ ነው የምዞረው» አለ፤ ዞረው። መኪናዋ መሬቱን እንደ ያዘች ሄደች፤ የአስተማሪዋ እግር ግን ባዶውን ምንጣፍ ሦስት ጊዜ ረገጠ። ሲወርዱ ሐኪሙ ላብ አጥምቆት እየሳቀ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ቡሎን ሄዶ ጋራዡ ውስጥ ደረቱ ላይ አጠላልፏቸው የነበሩትን እጆች ዘረጋለት።

«ቀለም ነው ማለቴ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቡሎን እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ሊሰጠው ሞከረ፤ ሐኪሙ እጁን ያዘው።

«ሞተሩስ?» አለ ባለቤቱ ከአጥሩ ሥር፣ ነገሩ ወደ መልካም መዞሩን ሲያይ።

«ሞተሩ ላይ እኔም ምንም አልተሰማኝም» አለች አስተማሪዋ።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሱ ቀስ እያለ ነው የሚሰማው።»

ሐኪሙ ግን ልመና ነበረው። ፍሬኑ ይቆይለት። በአዲሱ ሸራ ብቻም እንደምትቆም አስተማሪዋን ጠይቆ አረጋግጧል፤ አፍንጫዋ ጥቂት ብትደፋም ግድ የለውም። ሞላውን ግን መልሱልኝ አለ፤ በዚህ ፍጥነት ታንከር የሚዞር ሰው አይደለም፣ ጥርሱንም ይፈልገዋል። ቡሎን አሮጌዎቹ በከረጢት ሆነው የኋላ ኮፈን ውስጥ እንደነበሩ፣ ይህንኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር እንደነበረ በቀስታ አስታወሰ። ሐኪሙ ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ደወለ። አንድ ከረጢት አይተሽ ነበር እንዴ አላት። የሴትየዋ ድምፅ ሜዳው ላይ ለሁሉም ተሰማ፤ «ብረት ያለበት? ቆሻሻ መስሎኝ ለብረት ገዢው ሰጠሁት፤ ምነው?» የጋራዡ ባለቤት ጫማውን ያይ ነበር። ከዚያ ወደ ቡሎን ሳይዞር «ቱታህን ታጥበዋለህ ያልኩት… ስለቆሸሸ ነው» አለ።

«ብረት ገዢውን አውቀዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ፈልጌ አመጣዋለሁ» አለ ቡሎን። ትከሻው ቀለል ብሎታል። ሐኪሙ መኪናዋን ዙሪያዋን አየና ዝም ብሎ ለማወቅ ያህል ጠየቀው፤ «አንተስ ስትነዳት ምን ተሰማህ?»

«ነድቻት አላውቅም። መንጃ ፈቃድ የለኝም።»

«እንዲህ አድርገህ ስንት መኪና ሠርተሃል?»

«አሥራ አንድ።»

«አንዱንም አልነዳህም?»

«እጠይቃቸዋለሁ። ከወሰዱ በሳምንቱ እደውላለሁ፤ እንዴት ሆነች እላለሁ። አሪፍ ናት ይሉኛል።» ቡሎን ቁልፍ መፍቻውን ኪሱ ከተተው። «ምንም የለም ያሉኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ከጠዋት ጀምሮ፣ እውነትም የሌለ ነገር ቢሆንስ እያልኩ ነበር።»

ሐኪሙ የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋለት። ይህ ግቢ ነው፣ መንገድ አይደለም፤ ሳትፈታት በፊት እወቃት አለው። ቡሎን ቁልፉን አልተቀበለም። እህቱ ፊት መጥቶ ቆመ፣ እንደ ልማዱ፣ ስም ሳይጠራ። አስተማሪዋ ቁልፉን ከሐኪሙ እጅ ወስዳ ሰጠችው። «ግባ» አለችው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሜዳውን አንዴ በዝግታ ዞረው፣ ሁለተኛውን ጠበቅ አድርጎ፣ በሦስተኛው ወደ ታንከሩ ቀጥ ብሎ ገባ። ፍሬን አልነካም። የእሷ ቀኝ እግር ተነሳ፤ ከሥሩ ግን ምንጣፍ እንጂ የሚረገጥ ነገር የለም። ሁለቱንም እግሮቿን ሰብስባ ከመቀመጫው ሥር አስገባቻቸው። ታንከሩ በመስኮቷ በኩል በፍጥነት አለፈ፤ መኪናዋ ሳትዘም ወጣች። ቡሎን ኮኑ ጋ አቆመ።

«እህስ? ልዩነት አለው?» አለችው።

«ከምኑ ጋር ላወዳድረው?» ተናደደ ማለት ይቻላል። «ሳልሠራት በፊት ነድቻት አላውቅም እኮ።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። እሷ ወረደች፤ ሐኪሙንና የጋራዡን ባለቤት አልፋ ወደ ነጯ መኪና ሄደች፤ የተማሪውን በር ከፍታ ያዘችለት። ይቺማ ሌላ መኪና ናት አለ ቡሎን። ታውቃታለህ አለችው። ገብቶ መቀመጫውን አስተካከለ፤ ከፀጉር ሠሪዋ ጉልበት ወደ እሱ ጉልበት ለማድረስ ጊዜ ወሰደበት። አሁን ሁለተኛው ፍሬን እግሯ ሥር አለ። አሮጌዋ መኪና እያጓራች ፍጥነት ሰበሰበች። ወደ ታንከሩ ሲቃረቡ ቀኝ እግሯ ተነስቶ ከፍሬኑ በላይ ቆመ። ይህን ሰው ታውቀዋለች፣ መኪናዋንም ታውቃታለች፣ መዞሪያው ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ካለው ብዙ አይለይም። እግሯን መልሳ ከመቀመጫው ሥር ከተተችው፤ ተረከዟን ብረቱ ላይ ተጭና ያዘችው። መኪናዋ ወደ ጎኗ ዘመመች፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ተንሸራቶ በሩን መታ፤ ጎማዎቹ አቃሰቱ። መዞሪያውን ወጣችው።

ቡሎን አቁሞ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ተለውጧል። «አየሽ አዘማመሟን? ይህን ያህል እኮ ነው!» መዳፉን አጋድሎ አሳያት፤ ቀጥሎ ሌላኛውን መዳፍ ቀጥ አድርጎ ያዘ። «ያቺኛዋ እንዲህ ናት። ታይቶኛል፣ ወገቤ ነው ያወቀው።» ከዚያ መዳፎቹን አወረደና አንገቱን ነቀነቀ። «ግን ይሄ ማወዳደር አይባልም። ሁለት መኪና ነው። ትክክለኛው፣ አሮጌውን ሞላ ከመለስኩ በኋላ ነው፤ ያቺው መኪና፣ ያው ጎማ፣ ያው ታንከር፣ እዚሁ።» መሪውን በመዳፉ ዳበሰ። «የሚያመጣኝ ካገኘሁ ነው፣ እትዬ።»

አስተማሪዋ የቀጠሮ ደብተሯን ከዳሽቦርዱ ኪስ አወጣች። የሰኞን ገጽ ገለጠች፤ ፀጉር ሠሪዋ አለች፣ አንድ ባለሱቅ አለ፣ ከዚያ በታች ባዶ መስመር ነው። እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ስንት ሰዓት?» አለችው።